የሰላዩ ፀጉርና የተመልካቹ ፍርድ

ፊልም ከኪነ ጥበብ ዘርፎች ሁሉ ወደ ሠፊው ሕዝብ በቀላሉ የመድረስ ኃይል ያለው ነው። ማንበብና መጻፍ ያልቻለ ሰው እንኳ የፊልምን ቋንቋ ይረዳል፤ የባዕድ ቋንቋ የማይሰማ ተመልካችም ማን ጀግና ማን ባለጋራ እንደሆነ ከሥዕሉ ብቻ ለይቶ ይወጣል። ይህ ኃይል ለበጎም ለክፉም ሊውል የሚችል እንደመሆኑ መጠን፣ ስለ አንድ ፊልም የሚሰጥ አስተያየት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። አስተያየት ፍርድ ነው። ፍርድ ደግሞ መመዘኛ ይፈልጋል። በዚህ ዓምድ ለማንሣት የፈለግነውም ይኸው የመመዘኛ ጉዳይ ነው። ተመልካች የስለላ ፊልምንና መሪ ተዋናዩን በምን ሊመዝን ይገባል?

ለዚህ ውይይት «ካሲኖ ሮያል» የተሰኘው የጀምስ ቦንድ ፊልም ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ነበር። ክርክሩ የተጀመረው ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2005፣ ዳንኤል ክሬግ የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ የሰላዩን ቦታ እንደተረከበ በለንደን ከተማ በይፋ በተነገረ ጊዜ ነው። ወዲያውኑ የተቃውሞ ጩኸት ተነሣ። ቦንድ ጥቁር ፀጉር ሊኖረው ሲገባ የዚህ ሰው ፀጉር ወርቃማ ነው ተባለ። ቁመቱ አጠረ፤ መልኩም የቄንጠኛ ሰው መልክ አይደለም ተባለ። በቴምዝ ወንዝ ላይ በፈጣን ጀልባ ሲመጣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መልበሱ እንኳ ለፌዝ ምክንያት ሆነ። አንዳንድ ተመልካቾችም ፊልሙን አናይም፣ ሌላውም አይይ ብለው ዘመቻ ከፈቱ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ሲባል ከፊልሙ አንዲት ትዕይንት እንኳ ለተመልካች አልቀረበችም ነበር። አንድ ሠራተኛ ገና ሥራውን ሳይጀምር በመልኩ ተፈረደበት። በፋብሪካም ሆነ በግንባታ ቦታ አዲስ የገባ ባልደረባችን በሥራው ሳይሆን በቁመቱና በፀጉሩ ቢመዘን ነገሩን ፍርደ ገምድልነት እንለዋለን። በተዋናይ ላይ ሲሆን ግን ያው ፍርደ ገምድልነት «አስተያየት» የሚል ስም ተሰጥቶት ያልፋል።

ነገሩን ከታሪኩ አኳያ ስንመለከተውም የተቃውሞው መሠረት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ደራሲው ኢያን ፍሌሚንግ የፈጠረው ይህ ሰላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በተዋናይ የተወከለው እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲሆን፣ የወከለውም ባሪ ኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ ነበር። በ1962 የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልም «ዶክተር ኖ» ሲወጣ ቦታውን የያዘው ሾን ኮነሪ ደግሞ በኤዲንብራ ከተማ ከሠራተኛ ቤተሰብ የተወለደ፣ በወጣትነቱም ወተት አመላላሽ የነበረ ስኮትላንዳዊ ነው። ደራሲው መጀመሪያ ላይ ምርጫውን አልወደደውም ነበር። ሥራውን ካየ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ በ1964 ባሳተመው ልብ ወለድም ለቦንድ ስኮትላንዳዊ አባት ሰጠው። በ1969 ጆርጅ ላዘንቢ የተባለ አውስትራሊያዊ፣ በ1995 ደግሞ ፒርስ ብሮስናን የተባለ አየርላንዳዊ ይህንኑ ሰላይ ሆነው ቀርበዋል። እንግዲህ «እውነተኛው ቦንድ» የሚባል አንድ የተቀደሰ መልክ ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። መልኩን የፈጠረው በየጊዜው የተሠራው ሥራ ነው።

ፊልሙ በታየ ጊዜ የሆነውም ይህንኑ ያረጋግጣል። በዓለም ዙሪያ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ገቢ አስገባ። የብሪታንያ የፊልም አካዳሚም ክሬግን ለምርጥ ተዋናይ ሽልማት አጨው። ሲያላግጡ ከነበሩት መካከል ወደ ውዳሴ የዞሩት ብዙ ናቸው። ተዋናዩም እስከ 2021 ድረስ በአምስት ፊልሞች ይህንኑ ገፀ ባሕርይ ተጫወተ።

ተመልካቹን የለወጠው ምንድን ነው? የሰውየው ፀጉር እንደነበረ ነው፤ ቁመቱም አልጨመረም። የለወጠው ሥራው ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ ፊልሞች ሰላዩ ከፎቅ ዘሎ ከረባቱ እንኳ አይዛባም። በየሲኒማ ቤቱ «አክተሩ አይሞትም» እየተባለ የሚቀለደውም ለዚህ ዓይነቱ ጀግና ነው። ክሬግ ያሳየው ሰላይ ግን ሲመታ ይደማል፤ ሲሮጥ ያለከልካል፤ ሲሳሳት ዋጋ ይከፍላል፤ ያፈቀራት ሴት ስትሞትበት ሐዘኑን በጭካኔ ሊሸፍነው ሲሞክር እናየዋለን። ተመልካቹ በመድረኩ ላይ ሰው አገኘ። ይህን መመስገን የሚገባውን ሥራ እኛም እናመሰግናለን።

በሌላ በኩል ፊልሙን ያልወደዱትም አሉ። 144 ደቂቃ መርዘሙን፣ የካርታው ጨዋታ መንዛዛቱን፣ ቀድሞ ለሰላዩ ልዩ ልዩ መሣሪያ የሚያዘጋጅለት ባለሙያ መቅረቱን ያነሣሉ። እነዚህ አስተያየቶች ቢያንስ ከሥራው የተነሡ ናቸውና ከፀጉሩ ክርክር ይሻላሉ። ይሁን እንጂ እነርሱም ከበሩ ላይ ይቆማሉ እንጂ ወደ ቤቱ አይዘልቁም። ፊልሙ ማንን ባለጋራ አደረገ? የማንን አገር የጦር ሜዳ አደረገ? የማንንስ ድካም ከዓይናችን ሰወረ? የንቁ ተመልካች ጥያቄዎች እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ከባለጋራው እንጀምር። ፊልሙ የተመሠረተበት ልብ ወለድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1953፣ የቀዝቃዛው ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት ነው። ፍሌሚንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ የባሕር ኃይል ስለላ ክፍል ያገለገለ ሰው ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ «ለ ሺፍር» የተባለው ባለጋራ ማን እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? በፈረንሳይ፣ በአልዛስ ግዛት የሚገኝ፣ በኮሚኒስቶች የሚመራ የሠራተኞች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነው! በአደራ የተሰጠውን ገንዘብ አጥፍቶ በቁማር ሊተካ ይሞክራል። የዘመኑ አንባቢ መልእክቱን ሳያውቀው ዋጠ። የሠራተኞች ማኅበር የሰላዮች ዋሻ ነው የሚል መልእክት ነበር።

ከ53 ዓመት በኋላ በተሠራው ፊልም ግን ያው ለ ሺፍር የታጣቂዎችን ገንዘብ የሚያስቀምጥ ባንከር ሆኖ ቀረበ። በዚያ ገንዘብ አንድ የአውሮፕላን ኩባንያ አክሲዮን ዋጋው ይወድቃል ብሎ ይወራረድና፣ ዋጋው የግድ እንዲወድቅ አዲሱ አውሮፕላን በማያሚ እንዲፈነዳ ያቅዳል። ዕቅዱ ሲከሽፍበት ገንዘቡን ለመመለስ በሞንቴኔግሮ የካርታ ቁማር ያዘጋጃል። ከሌላው ጥፋት ማትረፍ የሚቻልበት ገበያ መኖሩን ለተራው ተመልካች በዚህ መልክ ማሳየቱ የፊልሙ ብርቱ ጎን ነው። ነገር ግን እዚህም ላይ ጥያቄው በግማሽ ይቀራል። ባንከሩ ብቻውን የቆመ ሌባ ተደርጎ ይቀርባል እንጂ፣ እንዲህ ያለውን ውርርድ የሚፈቅደው ሥርዓት አይጠየቅም። ቁማርተኛውን ለማሸነፍ የተገኘው መፍትሔም ሌላ ቁማርተኛ መላክ ነው። መግቢያው 10 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚወጣው ከብሪታንያ ግምጃ ቤት፣ ማለትም ከሕዝብ ኪስ ነው። ከዚህ የምንረዳው ባለጋራ ከሰማይ እንደማይወርድ ነው። እንደ ዘመኑ ተመርጦና ተሰፍቶ የሚለበስ ልብስ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ እኛን አፍሪካውያንን በቀጥታ ይመለከታል። በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል አፍሪካ ሁለት ጊዜ ትታያለች። በመጀመሪያ በኡጋንዳ የታጣቂዎች አለቃ ገንዘቡን ለባንከሩ ያስረክባል። ቀጥሎ በማዳጋስካር ሰላዩ አንድ ቦምብ ሠሪ ያሳድዳል። ማዳጋስካር ተብላ የታየችው ምድር በእውነቱ ባሐማስ ናት። ቦምብ ሠሪውን ሆኖ የተጫወተው ሴባስቲያን ፉካን ሕንፃ ለሕንፃ እየዘለሉ የመሮጥን ጥበብ ካስፋፉት ፈረንሳውያን አንዱ ነው። ከክሬን ወደ ክሬን ሲወረወር ያየ ሁሉ ያደንቀዋል፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ከሞላ ጎደል ቃል አይናገርም። ሩጫው ተሰጠው፤ አንደበቱ ተነፈገው።

ሰላዩ በመጨረሻ «ናምቡቱ» የምትባል በካርታ ላይ የሌለች አፍሪካዊት አገር ኤምባሲ ጥሶ ይገባል። መሣሪያ ያልያዘውን ሰው ተኩሶ ይገድላል፤ ፍንዳታ አስነሥቶም ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የቪየና ስምምነት የኤምባሲን ቅጥር ማንም እንዳይደፍር ይከለክላል። አለቃው ትቆጣዋለች፤ ይሁንና ቁጣዋ ጎልቶ የሚሰማው ጉዳዩ በጋዜጣ ወጥቶ መንግሥቷን ስላሳፈረ ነው። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫና የብዙ ኤምባሲዎች ከተማ በሆነችው አዲስ አበባ የሚኖር ተመልካች ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው ይገባልን? ድርጊቱ በለንደን በሚገኝ የኃያል መንግሥት ኤምባሲ ውስጥ የተፈጸመ ተደርጎ ቢቀርብ ኖሮ፣ ሰላዩ ያኔም ጀግና ይባል ነበርን? ስለ ተዋናዩ ፀጉር ያን ያህል የጮኸው ተመልካች ስለዚህ ጉዳይ ያን ያህል አልጮኸም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ሕዝብ ስለ ምድሩ ሲጠይቅ እንዴት እንደሆነ ለማየት ተከታዩን ፊልም መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 «ኳንተም ኦፍ ሶላስ» ሲቀረጽ የቺሌ በረሃ ቦሊቪያ ተብሎ እንዲታይ ተደረገ። የአንዲት ትንሽ የቺሌ ከተማ ከንቲባም መኪናቸውን እየነዱ ወደ ቀረጻው ቦታ ገብተው ተቃውሟቸውን ገለጹ። አድራጎታቸው ያስማማን አያስማማን፣ ጥያቄያቸው ግን ከፀጉር ጥያቄ የላቀ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ የድካሙ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። በ«ካሲኖ ሮያል» ውስጥ አንዲት መኪና ሰባት ጊዜ ተገለባብጣ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባለች። በመሪው ላይ የነበረው አዳም ከርሊ የተባለ የአደገኛ ትርዒት ባለሙያ እንጂ ዳንኤል ክሬግ አልነበረም። በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ የፊልም ጸሐፊዎች ለመብታቸው ሥራ ሲያቆሙ፣ «ኳንተም ኦፍ ሶላስ» ያላለቀ ጽሑፍ ይዞ ወደ ቀረጻ ገባ። ተዋናዩና ዳይሬክተሩ ትዕይንቶችን እየጻፉ ለመሥራት መገደዳቸውን ክሬግ ራሱ በኋላ ተናግሯል። ብዙ ተመልካቾችም ፊልሙ የታሪክ ድክመት አለው ብለው ወቀሱት። ብዕሩን ያስቀመጠው ሠራተኛ ዋጋው የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በፖስተር ላይ አንድ ፊት ይታያል፤ ከፊቱ ጀርባ ግን የአናጺው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የልብስ ሰፊዋና የጸሐፊው ላብ አለ።

«ይህ ሁሉ ለምን? ፊልም መዝናኛ ነው» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። የደከመ ሠራተኛ ምሽቱን በፊልም ቢያሳልፍ መብቱ ነው፤ እኛም አትዩ አንልም። ነገር ግን ፊልም አይቶት ከሚወጣው ሰው ጋር አብሮ ወደ ቤት ይገባል። በ2015 የወጣው «ስፔክተር» የተሰኘው የቦንድ ፊልም በሜክሲኮ ከተማ ታላቅ የሙታን ቀን ሰልፍ እንዳለ አስመስሎ አቀረበ። በዓሉ ጥንታዊ ነው፤ እንዲያ ያለ ግዙፍ ሰልፍ ግን በከተማዋ አልነበረም። በ2016 ከተማዋ ፊልሙን ተከትላ ሰልፉን ማካሄድ ጀመረች። የፈጠራ ሥዕል በአንድ ዓመት ውስጥ የአደባባይ ሥርዓት መሆን ከቻለ፣ ስለ አፍሪካ በተደጋጋሚ የሚታይ ሥዕልማ በወጣቶቻችን አእምሮ ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ክሬግ በ2021 ከተሰናበተ በኋላ «ማን ይተካው?» የሚለው ክርክር እንደገና ተቀጣጠለ። እንደገናም ቀለም፣ ቁመትና ዕድሜ ይመዘኑ ጀመር። በዚህ መካከል በ2025 መጀመሪያ፣ ፊልሞቹን ለአሥርተ ዓመታት በእጁ ይዞ የኖረው ቤተሰብ የፈጠራ ሥልጣኑን አማዞን ለተባለው ግዙፍ የንግድ ኩባንያ የፊልም ድርጅት አስተላለፈ። በፊቱ ላይ የሚከራከረው ተመልካች በባለቤትነቱ ላይ ምን ያህል ተከራከረ?

እንግዲህ በየመኖሪያ ሠፈሩ ማኅበር፣ በየሠራተኛው ክበብና በየወጣት ማእከሉ ፊልም ሲታይ መብራቱ እንደበራ ወደየቤት መበተን ብቻ አይበቃም። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መወያየት ይገባል። ተዋናዩ በሥራው ይመዘን፤ ታሪኩ በእውነቱ ይመዘን፤ ባለጋራው ለምን ባለጋራ እንደተደረገ ይጠየቅ፤ የተረገጠው አገር የማን እንደሆነ ይነገር፤ ስማቸው ሳይነበብ የሚያልፉት ሠራተኞች ይታወሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታየው ጩኸት አንድ ነገር አስተምሮናል። የተመልካች ድምፅ ከፊልም ሠሪዎች ጆሮ ይደርሳል። ለፀጉር የደረሰ ድምፅ ለሰው ክብርም ሊደርስ ይችላል። ለዚህም ድምፁን የሚያሰማው ተመልካች የሚያየውን አጥርቶ ሊያይ፣ የሚፈርደውንም አመዛዝኖ ሊፈርድ ይገባዋል።