ስለ ጭነት መኪና፤ ብቻ መሥራት ወይስ ማከራየት

ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ቡና በዚሁ መንገድ ያልፋልና፥ የጭነት መኪና ነገር የባለመኪናው ብቻ ሳይሆን የገበሬውም ነገር ነው።

በደርግ ዘመን ባለመኪና ሁሉ በቀጠና ተመድቦ በተራ ይጭን ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. ግን ይህ ሥርዐት ቀርቶ የኪራዩ ዋጋ በስምምነት እንዲሆን ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው ሁለት መንገድ ቀርቦለታል። ብቻውን ቢሠራ የጭነቱ ኪራይ ሁሉ የእርሱ ነው፤ ነገር ግን የቡናው ወራት ሲያልፍ መኪናው ይቆማል፥ የባንክ ዕዳው ግን አይቆምም። ለትልቅ ነጋዴ ቢያከራየው በየወሩ የታወቀ ገንዘብ ያገኛል፤ ነገር ግን 50 ኩንታል ሊሸከም በተሠራው መኪና ተከራዩ 70 ኩንታል ቢጭንበት፥ የሚሰበረው ባሌስትራ የባለቤቱ ነው።

የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በቅሎው የራሱ ነበረች፤ ጉዞው ግን ከባልንጀሮቹ ጋር በነጋድራሱ መሪነት ነበረ። እንደዚሁም መኪናው የየራስ ሆኖ ጭነት መፈለጉና ዋጋ መዋዋሉ በማኅበር ቢሆን ይሻላል፤ ቡና አድርሶ ማዳበሪያ ጭኖ ለመመለስ የሚቀለው እንዲህ ሲሆን ነውና። ማከራየት የሚገባው ለጎማና ለጥገና የሚሆን ተቀማጭ ለሌለው ሰው ነው፤ እርሱም ለአንድ ዓመት ብቻ፥ በጽሑፍ ውል።

የየወረዳው ሹማምንትም የጭነቱ ልክና የጥገናው ወጪ በውሉ ተለይቶ መጻፉን ሊመለከቱ ይገባቸዋል። ባለመኪናው በዕዳ ወድቆ መኪናው የተሸጠ እንደሆነ፥ ገበሬው ቡናውን ደጁ ድረስ ለመጣ ደላላ በተገኘው ዋጋ ለመስጠት ይገደዳልና።