ጀልባው ሳይበዛ ደንቡ ይቅደም



ዛሬ በዚህ ሰሌዳ የምንጽፈው ስለ ጀልባ ነው። «ነገሌ ቦረና ላይ ደግሞ የምን ጀልባ?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። እውነት ነው፣ እኛ የኤላና የፓምፕ ሰዎች ነን። ጭንቀታችን ሁልጊዜ የውሃ ማነስ ነው። በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር እዚሁ ነገሌ የነበረው ጦር ያመፀው በምግብና በውሃ ፓምፕ የተነሳ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ውሃ ሲበዛም ያሰጋል ብሎ ማሰብ ግን አልለመደብንም።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር ተመርቋል። ግድቡ 110 ሜትር ከፍታ አለው፣ 254 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከበስተኋላው ደግሞ ድሮ ገደልና ቁጥቋጦ የነበረው ቦታ ሐይቅ ሆኗል። ሐይቅ ካለ ዓሣ አለ፣ ዓሣ ካለ ጀልባ ይመጣል፣ ጀልባ ካለ «እስቲ ወዲያ ማዶ አሻግረኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ መልካም ነው፣ የሥራ በር ነው። እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጀልባው ሳይበዛ ደንቡ ይቅደም።

ለምን ይህን እንላለን? ከሰፈራችን ለሠርግ ወደ አርባ ምንጭ የሄዱ ወጣቶች አዞና ጉማሬ ለማየት ጫሞ ሐይቅ ላይ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ የነገሩን ነገር አሳስቦናል። በአንዲት ጀልባ 13 ሰው ተሳፈረ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ግን 5 ብቻ ነበር። «ማን ይልበስ?» ሲባል ወንዶቹ አፍረው ሳይለብሱ ቀሩ። መሐል ላይ ነፋስ ተነሳ፣ ውሃ ገባ፣ በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዱ ወጡ። ዋና የሚችል ከመካከላቸው አንድ ሰው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን በደህና ገቡ። ሲያወሩት ይስቃሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለዚህ አይደል?

አንዳንዱ «ይሄ የትንሽ ጀልባ ነገር ነው፣ የመንግሥት መርከብ ቢሆን እንዲህ አይሆንም» ይላል። አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኤም ቪ ኔሬሬ የተባለች መርከብ ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰው አልቋል። መርከቧ የመንግሥት ነበረች። የተፈቀደላት 101 ሰው ነበር። ሐይቁ መሐል አይደለም የሰመጠችው፣ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ነው። ሕግ ነበረ፣ ቁጥሩም ተጽፎ ነበር፣ ሲሳፈሩ በሩ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ግን አልነበረም ወይም ዝም ብሏል።

በአገራችንም የውሃ መጓጓዣ አዲስ አይደለም። በባሮ ወንዝ ከሱዳን እስከ ጋምቤላ መርከብ ይመላለስ ነበር፣ በጣናም እስከ ዛሬ ሰውና ዕቃ ይጓጓዛል። ሕግም አልጠፋም። በ1999 ዓ.ም. የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549 ወጥቷል። የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤትም አለ፣ ሥራው የባሕሩ ብቻ ሳይሆን የአገር ውስጡም ውሃ ነው። ችግሩ አዋጁ አዲስ አበባ ነው፣ ጀልባው ደግሞ ገናሌ ነው። መካከሉን የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል።

እውነቱን ለመናገር መንግሥትም በየዳርቻው ዘበኛ ማቆም አይችልም። ዓሣ አጥማጁም ድሃ ነው። ከባድ ግብር፣ ብዙ ወረቀትና ማኅተም ብንጭንበት በሌሊት ተደብቆ ይሠራል እንጂ አይመዘገብም። ስለዚህ ደንቡ ጥቂት ይሁን፣ የሚሠራ ይሁን። የእኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጀልባ ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠው። የሚችለው የሰው ብዛት ማንበብ የሚችል ሁሉ እንዲያየው በትልቁ ጎኑ ላይ በቀለም ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ ጃኬት ይኑር፣ ለሕፃንም በልኩ። ዓሣ አጥማጆቹ በማኅበር ተደራጅተው በዱቤ ቢሰጣቸው ይከፍሉታል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛ፣ መሳፈሪያው በየዱሩ መሆኑ ቀርቶ የታወቀ ቦታ ይሁን። እዚያም ቆጥሮ የሚያሳፍር፣ ነፋስ ሲነሳ ወይም ሲመሽ «ዛሬ ይበቃል» የሚል፣ ከአካባቢው ሕዝብ የተመረጠ ኃላፊ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ዳርቻው ይጠበቅ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በተከለለ የውሃ ዳርቻ ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን ለመከልከል ሥልጣን ይሰጣል። ዛፉ ከተመነጠረ አፈሩ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ ግድቡም ይደለላል። ነገር ግን ሲከለል የከብት ውሃ መጠጫ መንገድ አይረሳ። በድርቅ ዘመን ከብቱን ከውሃ የሚያግድ አጥር ጠብ እንጂ ጥበቃ አያመጣም።

አምስተኛ፣ ከሌላ ሐይቅ የሚመጣ ጀልባና መረብ ታጥቦና ተፈትሾ ይግባ። በጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ስንት ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል እንደኖረ ሰምተናል። ያ አረም በቁራጩም በዘሩም ይራባል። እኛ ጋ እንዳይገባ መጠበቅ ከገባ በኋላ ከመንቀል ይቀላል።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ብቻ ነው ብለን ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። የሞላ ጀልባ ላይ አንሳፈር። «አንድ ሰው ምን ይከብዳል?» የምንለው እኛው ነን እኮ፣ ባለጀልባው ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ወደ ሐይቁ ብቻቸውን አይሂዱ። ጃኬት መልበስ ፈሪነት አይደለም፣ ያልለበሰ ሰው አስከሬኑን የሚፈልጉለት ዘመዶቹ ናቸው።

ማኅበራችን እነዚህን አምስት ነጥቦች በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ለማቅረብ አስቧል። የምትጨምሩት ወይም የምትቃወሙት ካላችሁ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ተገኝታችሁ ተናገሩ። መምጣት የማትችሉ በጎረቤት ላኩብን፣ እንጽፈዋለን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ለቅሶ ሳንቀመጥ እንነጋገር። ሳይቃጠል በቅጠል!

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ጸሐፊው