በቤት ውስጥ የሚለማ ካናቢስ፦ የመብራቱ ወጪና የሕጉ ወሰን

በአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ዲሲ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ነዋሪ በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ እስከ ስድስት የካናቢስ ተክሎች እንዲያለማ የሚፈቅደው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ነበር። ከስድስቱ መካከል ለአበባ ሊደርሱ የሚችሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። አጎራባቿ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ለአንድ ቤተሰብ አራት ተክል፣ ሜሪላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ወዲህ ሁለት ተክል ፈቅደዋል። በእነዚህ ሦስት አካባቢዎች ከአገር ውጭ ከሚገኙት የትውልደ ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች መካከል በቁጥር ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ የሚኖር በመሆኑ ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም።

ተክሉ ከአላፊ አግዳሚ ዕይታ የተሰወረ እንዲሆን ስለሚጠበቅ፣ ክረምቱም ብርቱ በመሆኑ፣ አብዛኛው አልሚ የሚመርጠው በምድር ቤት ወይም በቁም ሣጥን ጥግ የሚተከለውን፣ ውስጡ በሚያብረቀርቅ ጨርቅ የተለበጠውን ትንሽ ድንኳን ነው። በዚህ ድንኳን ውስጥ የፀሐይን ሥራ አምፖል፣ የነፋስን ሥራ ማራገቢያ ይተካል። ጉዳዩ የሕግ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የኤሌክትሪክ ኃይል ጉዳይ የሚሆነውም ከዚህ ላይ ነው።

ስፋቱ በየጎኑ 1 ሜትር ከ20 ለሆነ ድንኳን ለበርካታ ዓመታት ሲያገለግል የቆየው 600 ዋት የሚወስድ የሶዲየም አምፖል ነው። ተክሉ በቅጠል ዕድገቱ ወቅት በቀን 18 ሰዓት ያህል፣ በአበባው ወቅት ደግሞ 12 ሰዓት ብርሃን ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ወር፣ ሁለተኛው ሁለት ወር ቢፈጅ አምፖሉ ብቻውን 750 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ አንድ አማካይ የአሜሪካ ቤተሰብ በወር ከሚጠቀምበት ኃይል ብዙም የሚያንስ አይደለም። ኤል ኢ ዲ የሚባሉት አዳዲስ መብራቶች ተመሳሳይ ብርሃን በአነስተኛ ኃይል በመስጠታቸው ፍጆታውን በእጅጉ መቀነሳቸው አይካድም። ይሁንና የመግዣ ዋጋቸው ከፍ ያለ በመሆኑ አሮጌው አምፖል ዛሬም ከገበያ አልወጣም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የማራገቢያው ድርሻ ነው። አምፖሉ የሚወስደው ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በሌላ አነጋገር ባለ 600 ዋት አምፖል በጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንደሚሠራ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መሆኑ ነው። ተክሉም በበኩሉ የጠጣውን ውኃ አብዛኛውን በቅጠሉ አማካይነት መልሶ ወደ አየር ይተነፍሰዋል። ሙቀቱና እርጥበቱ በወቅቱ ካልተወገዱ አበባው በሻጋታ ይጠቃል። የድንኳኑ እርጥብ አየር ወደ ቤቱ ብቻ ሲለቀቅ ደግሞ ሻጋታው በግድግዳው ላይ ይወጣል፤ የጉዳዩ ባለቤትም አልሚው ብቻ መሆኑ ይቀርና አከራዩና ጎረቤቱ ይጨመራሉ። ስለሆነም ማራገቢያው አየሩን በከሰል ማጣሪያ እያሳለፈ ሽታውን በመያዝ ወደ ውጭ እንዲያስወጣ ይደረጋል። የወጣው አየር በበጋ ቀዝቅዞ በክረምት ሞቆ የነበረ የቤት አየር እንደመሆኑ፣ ለዚያ የወጣው ወጪም አብሮ ይወጣል። መብራቱ፣ ማራገቢያውና የእርጥበት መምጠጫው በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ ሲሰኩ የሚከተለውን የቃጠሎ ሥጋት ማንም ሊገምተው ይችላል።

ተክሉ ወደ ክፍል የገባበት ታሪክም ከዚሁ ሙቀት ጋር የተሳሰረ ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሄሊኮፕተሮች ማሳዎችን መቃኘት ሲጀምሩ ከአልሚዎቹ ከፊሉ ወደ ጣሪያ ሥር ሸሹ። ፖሊስም ከዓይን የተሰወረውን በሙቀት መፈለግ ያዘ። በኦሪገን ክፍለ ግዛት የፍሎረንስ ነዋሪ የነበሩት ዳኒ ካይሎ እ.ኤ.አ. በ1992 ቤታቸው ከመንገድ ላይ በሙቀት መለኪያ ካሜራ ታይቶ ጣሪያቸው ከሌሎቹ የሞቀ ሆኖ በመገኘቱ ተፈተሹ፤ ከ100 በላይ ተክሎችም ተገኙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2001 በአምስት ለአራት ድምፅ መሣሪያውን ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ በመኖሪያ ቤት ላይ መጠቀም ሕገ መንግሥቱን የሚፃረር ፍተሻ ነው ሲል ወሰነ። የሙቀት ምልክት ሁልጊዜም እውነቱን አይናገርም። በእንግሊዝ በርሚንግሃም አቅራቢያ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2021 በዚሁ ዓይነት ጥርጣሬ ሰብሮ የገባበት መጋዘን ውስጥ ያገኘው ካናቢስ ሳይሆን፣ በተሰረቀ ኤሌክትሪክ ቢትኮይን የሚያመርቱ መቶ ያህል ኮምፒውተሮች ነበር።

ተክሉ ሕጋዊ መሆኑ ወደ ሜዳ ይመልሰዋል ተብሎ ቢጠበቅም እንደዚያ አልሆነም። የፌዴራሉ ሕግ ምርቱ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት እንዳይሻገር ስለሚከለክል፣ በረዶ የሚወርድባት ማሳቹሴትስ እንኳ የምትፈልገውን እዚያው በመብራት ለማምረት ተገድዳለች። ተመራማሪው ኢቫን ሚልስ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የቤት ውስጥ ካናቢስ ልማት ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ አንድ በመቶ ያህሉን እንደሚወስድ ገምተው ነበር። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሰሉት፣ አንድ ኪሎ ግራም የደረቀ አበባ ለማምረት እንደየአካባቢው ከ2,283 እስከ 5,184 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥን በካይ ጋዝ ይለቀቃል። ከፍተኛውን ድርሻ ከሚይዙት መካከል የአየር ማቀዝቀዣው፣ ማሞቂያውና ዝውውሩ ይገኙበታል።

ማሳቹሴትስ ለትልልቅ አምራቾች የመብራት ኃይልን በአንድ ስኩዌር ጫማ በ36 ዋት ወስናለች። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. ከ2023 መባቻ ጀምሮ የመብራት ጭነታቸው ከ40 ኪሎ ዋት ለሚበልጥ አዳዲስ የቤት ውስጥ እርሻዎች ዝቅተኛ የብርሃን ብቃት መለኪያ አውጥታለች። የግለሰቡን ድንኳን ግን ከእነዚህ ደንቦች አንዱም አይነካውም። በአንድ ቤት ውስጥ ያለ አንድ አምፖል ኢምንት መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ወጪውም ሆነ ሥጋቱ ያለ ተቆጣጣሪ በባለቤቱ ላይ ብቻ ወድቋል።

ለስደተኛው ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በክፍለ ግዛት ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ የፌዴራሉን ሕግ የሚጥስ የማሪዋና ተግባር አመልካቹ መልካም ሥነ ምግባር እንዳለው እንዳያረጋግጥ ሊያደርገው እንደሚችል አስታውቋል። በመሆኑም በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ሁለት አጎራባች ቤቶች አንድ ዓይነት ድንኳንና አንድ ዓይነት መብራት ሊኖራቸው ይችላል፤ አንደኛው ዜጋ ከሆነ የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ ክፍያው ነው። ግሪን ካርድ የያዘው ጎረቤቱ ግን የዜግነት ማመልከቻ ቅጹን ሲሞላ፣ የተከለከለ ዕፅ አምርተው ወይም አልምተው ያውቃሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ይኖርበታል፤ ጥያቄው የክፍለ ግዛቱን ብቻ ሳይሆን የፌዴራሉን ሕግም በስም ይጠቅሳል።