«እኔ ሳልሆን አንጎሌ ነው»

የዚህ ዓምድ ደንበኞች «ሳይንስ አረጋግጧል» ከምትለው አባባል ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ያውቁታል። ሰሞኑን የሻይ ቤት ፈላስፎቻችን ጠቡን አድሰውልኛል። በአንድ በኩል የተቀመጡት፣ አንጎላችን ከእኛ ቀድሞ እንደሚወስን ስለተረጋገጠ ነፃ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህም ማንም በሠራው ሊወቀስ አይገባም ይላሉ። ማዶ የተቀመጡት ደግሞ ነፃ ፈቃድ ከሌለማ ጽድቅና ኩነኔው፣ ወንጀልና ቅጣቱ ሁሉ ከንቱ ነው እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። የሚገርመኝ መጣላታቸው ሳይሆን መስማማታቸው ነው። ሁለቱም ወገኖች፣ አንድ ድርጊት ምክንያት ከተገኘለት የአድራጊው መሆኑ ይቀራል ብለው ያምናሉ። የአንዱም የሌላውም ክርክር የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው፤ ይህ እምነት ደግሞ ስሕተት ነው።

«ተረጋገጠ» የሚባለው ቤንጃሚን ሊቤት በሳን ፍራንሲስኮ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ሙከራ ነው። ተሳታፊዎቹ ደስ ባላቸው ጊዜ እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ ፈቃዱ የመጣባቸውን ቅጽበትም ፊት ለፊታቸው በሰዓት መልክ የሚዞር ነጥብ እያዩ እንዲናገሩ ተጠየቁ። ራሳቸው ላይ የተለጠፈው መሣሪያ እንደመዘገበው፣ አንጎል መሰናዳት የጀመረው እጅ ከመንቀሳቀሱ 550 ሚሊሰከንድ ግድም ቀደም ብሎ ነው፤ ሰዎቹ «አሁን ፈለግሁ» ያሉት ግን 200 ሚሊሰከንድ ግድም ሲቀር ነው። በመካከል ያለችው የሰከንድ ሲሶ ናት እንግዲህ ይህን ሁሉ ጫጫታ ያስነሣችው። ሆኖም በዚያ ወንበር ላይ ምን ተወሰነ? እጅን አሁን ወይስ ትንሽ ቆይቶ ማንቀሳቀስ፤ ለአንዱም ለሌላውም ምንም ምክንያት በሌለበት። እውነተኛው ውሳኔ፣ ማለትም በሙከራው መሳተፍና የተባሉትን መፈጸም፣ ሰዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት ያለቀ ነገር ነበር፤ እሱን የለካ መሣሪያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ ሌላ ማብራሪያ አቀረቡ። አንጎል ዝም ብሎም ቢሆን ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ አለው፤ ሰው የሚያጣድፈው ምክንያት ሲያጣ እጁ የሚንቀሳቀሰው ያ ሞገድ በአጋጣሚ ከፍ ሲል ነው፤ ሞገዱን ከእንቅስቃሴው ወደ ኋላ እየቆጠሩ አማካዩን ሲያወጡ የተወሰነ ውሳኔ ይመስላል እንጂ ውሳኔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና «እስከ 10 ሰከንድ ቀድሞ ታወቀ» የተባለለት የላይፕዚጉ ጥናትም ቢሆን፣ ሰው ግራውን ወይስ ቀኙን ቁልፍ እንደሚጫን የገመተው 60 በመቶ ግድም በሆነ ትክክለኛነት ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ መገመት 50 በመቶ ያስገኛል። ሊቤት ራሱም፣ ሰው የተነሣሣበትን ድርጊት በመጨረሻዋ ቅጽበት ሊያቆመው ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ስሙን የሚጠሩት ሁሉ ይህን አይጠሩትም።

ይሁን፣ ነገ የተሻለ መሣሪያ ተሠርቶ የእያንዳንዳችን ውሳኔ አስቀድሞ ቢታወቅስ? ያም ቢሆን ተጠያቂነትን አያጠፋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 48 ላይ ሰው ለድርጊቱ ኃላፊ የማይሆነው መቼ እንደሆነ ሲደነግግ፣ ድርጊቱ ምክንያት ነበረው ወይስ አልነበረውም ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በመሳሰለው የተነሣ የድርጊቱን ምንነትና ውጤት መረዳት አልቻለም ነበር ወይ? ተረድቶስ ራሱን መግታት አልቻለም ነበር ወይ? ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ ሕግም መንገዱ ይኸው ነበር። ከዚያ በፊት ፍትሐ ነገሥቱ አውቆ የገደለን ሳያውቅ ከገደለ ይለያል። አውቆ የገደለው ሰው እኮ ምክንያት ሞልቶታል፤ ቂም አለው፣ ቅናት አለው፣ የወሰን ጠብ አለው። ቂሙ ነው ያስገደለውና ነፃ ይውጣ ያለ ዳኛ ግን አልተሰማም፤ እንዲያውም ቂሙ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል። ድርጊቱን የእሱ የሚያደርገው ከገዛ ሐሳቡና ዝንባሌው መምጣቱ ነው። ከምንም ያልመጣ፣ ምንም ምክንያት የሌለው ድርጊትማ እንደ ድንገተኛ መንዘፍዘፍ የማንም አይሆንም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ የቨርጂኒያ መምህር ታሪክ ነው። ሰውዬው በአርባ ዓመቱ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረበት፣ ሕፃናትን የመመኘት አስከፊ ስሜት ያዘው፤ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት። ሲመረመር ከግንባሩ በስተጀርባ ባለው የአንጎሉ ክፍል ትልቅ ዕጢ ተገኘ። ዕጢው ሲወጣ ስሜቱ ጠፋ፤ ዕጢው ሲያገረሽ ስሜቱም አገረሸ። «ታዲያ ሁላችንስ ከዚህ በምን እንለያለን? የእኛ ዕጢ አልታየም እንጂ» ይባላል። የምንለየው በዚያው ሕጉ በሚጠይቀው ነገር ነው። ሰውዬው ድርጊቱ ክፉ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ዕውቀቱን ወደ እጁና ወደ እግሩ የሚያደርሰው መንገድ ነበር የተዘጋበት። የሁሉም ሰው አንጎል እኩል ሰበብ የሚሆን ቢሆን ኖሮ፣ የዚህ ሰው ዕጢ መገኘቱ ባላስደነቀን ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ሮበርት ሳፖልስኪ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መጽሐፍ እንደሚሞግተው፣ ሰው ወላጁን፣ ዘሩን፣ ከማሕፀን ጀምሮ የደረሰበትን አልመረጠም፤ ስለዚህ ወቀሳም ምስጋናም አይገባውም። ግማሹን እቀበለዋለሁ። በልጅነቱ ዱላና ረኀብ ያሳደገውን ሰው እስር ቤት ስንልከው፣ ይገባዋል ብሎ መደሰት ነውር ነው። ግን መጽሐፉ የተጻፈው ለምንድን ነው? አንባቢው ማስረጃውን አይቶ ሐሳቡን እንዲለውጥ ነው። የአንባቢው መለወጥም ምክንያት አለው ቢለኝ፣ እሰየው፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ምክንያት ሲነገረው ሰምቶ መንገዱን ሊያስተካክል የሚችል ፍጡር ነው ተጠያቂ የሚባለው። ወቀሳም ቢሆን፣ በደንብ ሲሰነዘር፣ ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ማዶ ያሉት፣ ሕዝብ በነፃ ፈቃድ ማመኑን ከተወ አገር ይፈርሳል የሚሉት፣ በአጭሩ ይታለፉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ካትሊን ቮስና ጆናታን ስኩለር ነፃ ፈቃድን የሚክድ ጽሑፍ ያነበቡ ተማሪዎች ይበልጥ አጭበረበሩ ብለው አሳትመው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የ100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ውጤት ዳግም የፈተነው ትልቅ ሥራ ግን ያንኑ ውጤት አላገኘም። መጽሐፈ ሲራክ ሰው በገዛ ፈቃዱ እጅ እንደተተወ ያስተምራል፤ ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብም (ማን ጻፈው የሚለው ጠብ ይቆየንና) ሰውን የሥራው ጌታ ያደርገዋል። ሁለቱም ይህን ያሉት አገር እንዳይፈርስ ፈርተው አይመስለኝም። ደግሞስ አብዛኛው ሰው በነፃ ፈቃድም በዕድልም ያምናል፤ ለራሱ ጥፋት «ዕድሌ ነው»፣ ለጎረቤቱ ጥፋት «ሆን ብሎ ነው»።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ እምነት ራሱ። ማንም በትእዛዝ ማመን አይችልም። አዲስ አበባ የባሕር ዳርቻ ናት ብለህ እመን፣ አንድ ሚሊዮን ብር እሰጥሃለሁ ቢባል፣ ብሩን ለመቀበል ይዋሽ ይሆናል እንጂ አያምንም። ሰው የሚወቀሰው በመረጠው ብቻ ነው በሚለው ሚዛን ከሆነ፣ ስላመነው ነገር ፈጽሞ ሊወቀስ አይገባም ነበር። ነገር ግን ስለ ጎረቤቶቹ የተነዛ ወሬ ሰምቶ ዱላ ያነሣ ሰው «ከልቤ አምኜ ነው» ቢል ማን ይቀበለዋል? እንግሊዛዊው ዊልያም ክሊፈርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ያቀረበው ምሳሌ አለ። አንድ የመርከብ ባለቤት መርከቡ ማርጀቷን እያወቀ፣ ጥርጣሬውን እየደቆሰ፣ ደኅና ናት ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ከልቡም አመነ፤ መርከቧ ከነተሳፋሪዎቿ ሰመጠች። ያመነው ከልቡ ቢሆንም፣ ይላል ክሊፈርድ፣ እንዲያ ብሎ ለማመን መብት አልነበረውም። ያመነባትን ቅጽበት አልመረጠም፤ መርማሪ አለመጥራቱን፣ ጥያቄ ሲነሣ ጆሮውን መድፈኑን ግን የሠራው እሱ ነው። ክሊፈርድ በዚህ አያበቃም፤ መርከቧ በደኅና ደርሳ ቢሆን ኖሮም ጥፋቱ ቅንጣት አይቀንስም ይላል። ያልሰመጠችን መርከብ ባለቤት ፍርድ ቤት የሚገትር ዐቃቤ ሕግ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ እኔ ግን ከክሊፈርድ ጋር ነኝ።