የጓሮው ማማና የገደሉ ሰገነት

በዚህ ወር ስለ አንድ እንግዳ ቤት እናወጋችኋለን። ቤቱ ያለው ላሊበላ ነው፤ ወሬው ግን የሚጀምረው ከደጎሎ፣ ከጎረቤታችን ጓሮ ነው።

የጎረቤታችን ሁለተኛ ልጅ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ፣ ከድንጋይ፣ ከጭቃ፣ ከተሰባበረ ጠርሙስና ከዛገ ቆርቆሮ በጓሯቸው ጥግ አንድ ነገር መሥራት ይጀምራል። ቤት እንዳይባል ጣሪያው እንደ ጀበና አንገት ሾሏል፤ ማማ እንዳይባል በሩ የዶሮ ቤት በር ያህላል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት በግድግዳው የተሰኩት ጠርሙሶች አረንጓዴና ቡናማ ብርሃን ይረጫሉ። የመንደሩ ሰው «ጂን ቢይዘው ነው» አለ። አባትየውን ያንገበገባቸው ግን ወሬው ሳይሆን መሬቱ ነበር፤ ድንች የሚተከልበት ቦታ ነዋ! «አዝመራው ይግባና አፈርሰዋለሁ» ብለው ቆረጡ። ልጁም እህል አልቀምስ አለ። እናትየው እያለቀሱ እኛ ዘንድ መጡ።

ምን እንመልስላቸው? አባት በገዛ ጓሮው መብት አለው፤ እኛም ብንሆን ጠርሙስ ከድንች ይበልጣል ብለን ልንሟገት አልቃጣንም። ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰሞን ወልድያ ለኒካሕ ተጠርተን ስለነበር አባትና ልጁን «አብራችሁን ኑ» አልናቸው። በወረኢሉ አድርገን ደሴ ገባን፤ ከደሴ ወልድያ። ኒካሑ በሰላም ካለቀ በኋላ እስከ ጋሸና፣ ከጋሸናም ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ላሊበላ ደረስን። ከተማዋ ከአንድ ቋጥኝ በተፈለፈሉት አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናቷ በዓለም የታወቀች ናት። እኛ ግን ልጁን ልናሳየው የፈለግነው ሌላ ነበር።

ቤን አበባ ይባላል። «ቤን» በስኮትላንድ ተራሮች ስም ላይ የሚገባ ቃል ሲሆን ተራራ ማለት ነው፤ «አበባ» የራሳችን ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ የስኮትላንድ መምህርት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው ጋር ያቋቋሙት ምግብ ቤት ነው። ስሙን ሰምቶ ተራ ምግብ ቤት የሚጠብቅ ሰው ሲደርስ ክው ይላል። ከገደል አፋፍ ላይ ይሽከረከራል እንጂ ቆሟል አይባልም። መወጣጫው ተጠማዞ ይወጣና ወደ ክብ ክብ ሰገነቶች ያደርሳል፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሏል፤ ከሥር ሸለቆው ተዘርግቷል። ልጁ «መርከብ ነው» አለ። አብሮን ከወልድያ የመጣው ሾፌር «ከሰማይ የወረደ ነገር ነው» አለ። አባትየው ምንም አላሉም።

ከተቀመጥን በኋላ ግን ተናገሩ። ቁርኣን የቀሩ ሰው ናቸውና በሱረቱ ሹዐራእ ነቢዩ ሁድ (ዐ.ሰ.) የዓድን ሰዎች በየከፍታው ለከንቱ ጨዋታ ምልክት ስለማቆማቸው እንደ ገሠጿቸው አስታወሱን። «ይህ ሁሉ ድንጋይና ብረት ሰው ሻይ ሊጠጣበት ነው? ኢስራፍ አይደለም?» አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኛም ሽቅብ ስንወጣ በሆዳችን ይመላለስ ነበር። ሆኖም በሱረቱ ነምል የተወሳውን የሱለይማንን (ዐ.ሰ.) አዳራሽ አነሳንላቸው። የሰበእ ንግሥት ከብርጭቆ የተሠራውን ወለል ውኃ መስሏት ልብሷን ከባቷ ገለጥ አድርጋ የለም? እንግዳ ሥራ ሁሉ ከንቱ ቢሆን ያ አዳራሽ ባልተሠራ ነበር። እሳቸውም «ሱለይማን ነቢይ ናቸው፤ የኔ ልጅ ግን ድንች ያበላሸ ነው» ብለው አሳቁን።

ምግብ ሲመጣ ሌላ ነገር ተነሣ። ወሎዬ አንባቢያችን ይህን ያውቀዋል፦ ከቤት ርቆ የሚበላ ሙስሊም መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ነው። የቤቱ የታወቀ ምግብ ከተፈጨ የፍየል ሥጋ ላይ ድንች ተደፍቶ የሚጋገር የስኮትላንድ ምግብ ነው። አስተናጋጁን ጠየቅነው፤ ጎረምሳው ሳይደብቅና ሳያፍር የክርስቲያን ሥጋ መሆኑን ነገረንና ሽሮ፣ አትክልትና እንጀራ አመጣልን። አባትየው እጃቸውን ታጥበው ቢስሚላህ ካሉ በኋላ «ይህ ልጅ ጨዋ ነው» አሉ። ስለ ቤቱ የተናገሩት የመጀመሪያው በጎ ቃል ይኸው ነበር።

የኛው ልጅ ሽሮውን በቅጡ አልበላም። መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ ከሰገነቱ ሥር ያለውን ተሸካሚ ይመለከታል፤ ተነሥቶ በእርምጃ ይለካል፤ ከኪሱ ባወጣው የደብተር ወረቀት ላይ ይስላል። «ክብደቱን የቱ ጋ ነው ያሳረፉት?» እያለ ጠየቀን። እኛ ምን እናውቃለን! አባትየው ግን ከጥግ ሆነው ያዩት ነበር።

ስንመለስ በመኪና ውስጥ ካነበብነው ሁለት ታሪክ አወጋናቸው። በፈረንሳይ አገር፣ ኦትሪቭ በምትባል መንደር፣ ፈርዲናንድ ሸቫል የሚባል የገጠር ፖስተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 በመንገዱ ላይ ባገኘው አንድ ቅርጸ እንግዳ ድንጋይ ተማርኮ፣ ደብዳቤ እያደለ ድንጋይ እየለቀመ፣ ለ33 ዓመት በጓሮው የሕልም ቤተ መንግሥት ገነባ። ግንበኝነት አልተማረም። ጎረቤቶቹ አበደ አሉት። በአንደኛው ፊቱ፣ ከሌሎች አገሮች ሕንፃዎች አጠገብ፣ መስጊድ ጭምር ሠርቷል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1969 በመንግሥት ቅርስነት ተመዘገበ። ሁለተኛው በሕንድ፣ ቻንዲጋር ከተማ፣ ኔክ ቻንድ የተባለ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነው፤ ከተሰባበረ ሸክላና ከባንግል ስባሪ በድብቅ ትልቅ የአትክልት ስፍራ ሠራ። ባለሥልጣኖች ሲያገኙት ያለ ፈቃድ የተሠራ ነበርና ሊፈርስ ተቃርቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ። አባትየው «እሱስ መሬቱ የመንግሥት ነበር፤ የኔ የድንች ነው» አሉ። ልጁ በመስኮት እያየ ፈገግ ሲል ያየነው በጉዞው ሁሉ ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በወሎ ብዙ መከራ አለፈ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ ከተማዋ ለወራት በጦር ተይዛ ነበር፤ ጎብኚም ጠፋ። ስለዚህ የጻፍንላችሁ ያኔ በዓይናችን ያየነውን ነው።

ደጎሎ በገባን በሦስተኛው ቀን አባትየው ወደ ጓሮ ሲወጡ አየናቸው። ዶማ ይዘዋል። እናትየው ከበራፍ ቆመው በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነዋል። ሰውየው ማማውን አንዴ ዞሩት፤ ጠርሙሶቹን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጓቸው። ከዚያ በሩ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ሊገቡ ሞከሩ፤ ትከሻቸው አላለፈም።

«ና እስቲ!» አሉ ልጁን፣ ዶማውን እየሰጡት፤ «በሩን አስፋው። እንግዳ ሲመጣ እንዴት አድርጎ ሊገባ ነው?»