«አልሞከርኩትም» የሚሉት ሸቀጥ

መርካቶ ገብታችሁ አንድ አምፖል ግዙ። ባለሱቁ አምፖሉን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ከባንኮኒው ጥግ በተንጠለጠለችው መያዣ ላይ አዙሮ፣ ቦግ አድርጎ ካሳያችሁ በኋላ ነው ገንዘባችሁን የሚቀበለው። ከብት ተራ የወረደ ገበሬም በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን ገልጦ ያያል፣ እግሯን ያነሳል፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬዳታል። ሰልባጅ የሚመርጥ ተማሪ እንኳ ሱሪውን ገልብጦ ስፌቱን ይፈትሻል። ይህ የግዢ ሥርዓታችን ነው። ትምህርት ቤት ገብተን የተማርነው አይደለም፤ መታለል ያስተማረን ነው።

ታዲያ ይኸው ጠንቃቃ ሕዝብ ያፈራቸው እኛ ፎቶ ወዳዶች፣ ነገሩ አሮጌ ሌንስ ሲሆን ምነው ጥርስ ማየቱን ተውነው? ለአምፖል የማንነፍገውን ጥንቃቄ የአምፖሉን መቶ እጥፍ ለሚያወጣ ዕቃ ምነው ነፈግነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ላርጅ ፎርማት የሚባለው ካሜራ ከፊቱ ሌንስ፣ ከመካከሉ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ቆዳ፣ ከኋላው ምስሉ ተዘቅዝቆ የሚታይበት ፍዝ መስታወት ያለው ሣጥን ነው። የተለመደው ፊልሙ 4 በ5 ኢንች ሲሆን፣ የምስሉ ስፋት አባቶቻችን በአንገታቸው አንጠልጥለውት ከነበረው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ከ13 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ዛሬ ለዚህ ካሜራ አዲስ ሌንስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ኒኮን ማምረት እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሌንሶቹን ሸተር ይሠራ የነበረው ኮፓልም ሥራውን ትቷል። ስለዚህ ገዢው ሁሉ ፊቱን ወደ አሮጌው ያዞራል። አሮጌው ደግሞ የሚገኘው በሩቅ አገር፣ ከማናውቀው ሻጭ እጅ፣ በሦስት ጥሩ ፎቶግራፎች ታጅቦ ነው። ከፎቶግራፎቹ ሥር እነሆ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትቀመጣለች፦ «ካሜራው ስለሌለኝ አልሞከርኩትም፤ እንዳለ ይሸጣል»።

እኔ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ከሷም በላይ፣ እሷን አንብበን ገንዘባችንን በምንልከው በእኛ ላይ ነው። ጣቴን የምቀስረው መጀመሪያ ወደ ራሴ መሆኑ ይታወቅልኝ።

አክስቴ ዶሮ ማነቂያ፣ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ቤት ውስጥ ትኖር ነበር። የልጅነቴን በዓላት ያሳለፍኩት እዚያ ሰገነት ላይ ነው። ቤቱን በትልቅ ፊልም ላነሳው ቆርጬ ተነሣሁ። ምነው ቢሉ፣ ተራ ካሜራ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ግድግዳውን ወደ ኋላ ያጋድለዋል፤ ትልቁ ካሜራ ግን ሌንሱን ብቻ ከፍ አድርጎ ግድግዳውን ቀጥ እንዳለ ያስቀረዋል። ካሜራውን አንድ አናጺ ሠራልኝ። ለፊልሙ የራጅ ፊልም እየቆረጥኩ ተጠቀምኩ። ሌንሱን ግን ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ገዛልኝ፤ ባለ 150 ሚሊ ሜትር፣ ስሙ የታወቀ የጀርመን ሥራ። የማስታወቂያው ፎቶግራፍ ላይ መስታወቱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ይታያል። «አልሞከርኩትም» የምትለዋን አንብቤያለሁ። አንብቤም «ግዴለም፣ ግዛው» አልኩ። የሦስት ወር የጽሑፍ ክፍያዬ በዚያ ሄደ።

ሌንሱ ጥር 2016 ዓ.ም. በሰው ሻንጣ መጣ። በእጄ ባገላበጥኩት ጊዜ በእርግጥም አንድ ጭረት የለበትም። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሰገነቱ ላይ ቆመች። ስድስት ፊልም አነሳሁ። ስድስቱም ብዥ ያሉ ነበሩ። አናጺውን ወቀስኩ፤ ካሜራው ተለክቶ እንደገና ተገጠመ። ፊልሙን ወቀስኩ። ዓይኔን ወቀስኩ፤ መነጽር ሁሉ አሠራሁ። እንደገና ሄጄ አራት አነሳሁ፤ ያው ነው። እንዲህ ስባክን የካቲት አለቀ።

በመጨረሻ ዕድሜያቸውን በስቱዲዮ ወደ ጨረሱ አንድ ፎቶ አንሺ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ፊልሙ ይሆን እንዴ?» አልኳቸው። «እስቲ ሌንሱን ወዲህ በል» አሉኝ። ካሜራውን አልጠየቁም። መብራቱን አጠፉና ከመስኮቱ ትይዩ ካለው ግድግዳ አጠገብ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ነጭ ወረቀት፣ በሌላው ሌንሱን ይዘው ሲያስጠጉና ሲያርቁ ቆዩ። መስኮቱ ተዘቅዝቆ ወረቀቱ ላይ ወጣ፤ ነገር ግን ቢያስጠጉትም ቢያርቁትም ጠርዙ አልጠራ አለ። «ልጄ፣ የዚህ የፊቱና የኋላው ዘመዳሞች አይደሉም፤ ከሁለት ቤት የመጡ ናቸው» አሉኝ። እንደዚህ ያለ ሌንስ ከሸተሩ ፊትና ኋላ የሚጠመዘዙ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንድ ሰው፣ የት እንደሆነ እንጃ፣ ከአንዱ ሌንስ ፊቱን፣ ከሌላው ኋላውን ወስዶ አጋብቷቸዋል። ሁለቱም ንጹሕ፣ ሁለቱም ያማሩ፤ ለየብቻቸው ቢሆን ምንም የማይወጣላቸው።

ምርመራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የመመለሻው ቀን ካለፈ ግን ወር ሆኖት ነበር። ያ የፒያሳ ሰፈር በዚያው በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የአክስቴ ቤትም ከሰፈሩ ጋር ሄደ። በእጄ የቀሩት አሥር ብዥታዎች ናቸው። አክስቴ አንዱን አይታ «ይቺ እኔ ነኝ?» አለችኝ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ልመለስ። «ሻጩ ካሜራ ከሌለው በምን ይሞክረው?» ይሉኛል። መልሱን ሽማግሌው በተግባር ሰጥተውናል። ሌንስ ለመሞከር ካሜራ አያስፈልግም። አንድ መስኮትና አንድ ነጭ ወረቀት ይበቃል። ባለ 150 ሚሊ ሜትሩን ከወረቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ መያዝ ነው፤ ምስሉ ይመጣል። መስኮት የሌለው ሻጭ በዓለም ላይ አለ? ስለዚህ «ካሜራ የለኝም» ማለት አልሸሹም ዞር አሉ ነው። አንዳንዱ ባለማወቅ ይለዋል፤ እሱን ጠይቆ ማሳወቅ ይቻላል። አንዳንዱ ግን ሞክሮ፣ ያየውን አይቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው «አልሞከርኩትም» የሚለው። ሁለቱን ለይቶ የሚያሳየን መጠየቃችን ብቻ ነው።

«ፎቶግራፉ ይበቃል» የሚሉም አሉ። አይበቃም። በሌንሱ ሆድ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሚያድር ሻጋታ፣ ስስ ጭጋግ፣ ተጣብቀው ከተሠሩት መስታወቶች መካከል የሚለቅ ማጣበቂያ፣ እነዚህ ሁሉ ብርሃን ከፊት ሲያርፍባቸው ይደበቃሉ። የሚጋለጡት ባትሪ ከኋላ ሲበራባቸው ነው። የሸተሩን ሕመም ደግሞ ከናካቴው ፎቶግራፍ አያሳየውም። ዘይቱ የደረቀ አሮጌ ሸተር አንድ ሰከንድ ተብሎ ሦስትና አራት ሰከንድ ተከፍቶ ይቀራል። ይህ የሚታወቀው በጆሮ ነው።

ሦስተኞቹ በስም ይምላሉ። «ቴሳር ነው፤ ዳጎር ነው፤ ምን ትፈልጋለህ?» ይላሉ። ፓውል ሩዶልፍ በ1902 እ.ኤ.አ. ለዛይስ ቴሳርን ሲቀምር፣ ኤሚል ፎን ሁግም በ1892 እ.ኤ.አ. ለጎርስ ዳጎርን ሲያወጣ ታላቅ ሥራ መሥራታቸውን አልክድም። ነገር ግን እነሱ ዋስ የሆኑት ከፋብሪካው በር ለወጣው ሌንስ ነው። ከዚያ ወዲህ በመቶ ዓመት ውስጥ ለወደቀበት ወለል፣ ለከረመበት ምድር ቤት፣ ለከፈተው መፍቻ ሁሉ ዋስ አይደሉም። የአባት ስም ለልጁ ጤና ማስረጃ አይሆንም።

አራተኞቹ የሚያምሩ ናቸው፤ እነሱን በአክብሮት እመልሳለሁ። «ጉድለት ውበት ነው፤ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በጎደሎ ሌንስ አይደለም እንዴ የታወቀችው?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከ1863 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ48 ዓመቷ ካሜራ የያዘችው ይህች ሴት ያነሳቻቸው ልስልስ ፊቶች ዛሬም ይገርማሉ። ግን ልብ እንበል፦ እሷ የሌንሷን ባሕርይ በየቀኑ እየሠራችበት አወቀችው፤ ዓይኗ የወደደው ቦታ ላይ ስትደርስም ሆን ብላ አቆመች። ብዥታው የሷ ውሳኔ ነበር። የእኔ ብዥታ ግን የማንም ውሳኔ አይደለም። ጉድለትን መርጦ መግዛትና ጉድለት ተሸፍኖ መሸጥ አንድ የሚሆኑት ለሻጩ ብቻ ነው።

የቀሩት «ርካሽ ነው፤ ዕድልህን ሞክር» ባዮች ናቸው። ዕድል መሞከር ሎተሪ ነው፤ ሎተሪ ደግሞ ዋጋው ትንሽ ነው። ለእኛ ርካሽ የሚባል የለም። ዋጋው በዶላር፣ ጉዞው በሰው ሻንጣ፣ መመለሻው ሕልም ነው። ኒውዮርክ ያለው ገዢ በፖስታ ይመልሰዋል፤ አዲስ አበባ ያለው ግን ላም አለኝ በሰማይ ብሎ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል። ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ያልተሞከረ ሌንስ ጥፋቱን ወደ ገዢው ያዞረዋል። ጀማሪው በራሱ ዓይን፣ በራሱ እጅ፣ በምስኪን አናጺ ይጠራጠራል። ስንቱ ወጣት «እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም» ብሎ ትቶት ይሆን፣ ጥፋተኛው ከሁለት ቤት የመጣው መስታወት ሆኖ ሳለ?

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ባትሪ ከኋላ አብርቶ ያንሳው፤ ሸተሩን አንድ ሰከንድ ላይ አድርጎ ድምፁን ያሰማችሁ፤ መስኮቱን ወረቀት ላይ አውርዶ ያሳያችሁ። ሦስቱ ለሻጩ የአሥር ደቂቃ ሥራ ናቸው። እሺ ካለ ግዙ፤ እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችንም፣ «ግዛልኝ» ስንላችሁ ዕቃውን በሻንጣ ከመክተታችሁ በፊት መስኮት አጠገብ ቁሙልን።

ሌንሱ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ወረቀት እንዳይበር እጭነዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ለመጻፊያ ክፍሌ አምፖል ልገዛ መርካቶ ሄድኩ። ልጁ አብርቶ አሳየኝ። አጥፍቶ እንደገና እንዲያበራልኝ ጠየቅሁት።