ክብር ስለሚባለው ምክንያት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በባቱ በኩል ወደ ላንጋኖ የወረደ ሰው ሁሉ ስለ ሐይቁ ያወራል። ውሃው ድፍርስ ቢመስልም ቢልሃርዝያ የለበትም፣ ያለ ሥጋት ይዋኙበታል ይላል። ስለ ውሃው ይህን ያህል የተጨነቅን ሰዎች፣ በስምጥ ሸለቆው መንደሮች ደብተሯን አስቀምጣ ስለምትዳረው ልጅ አንድ ቃል አለመናገራችን የሚያሳፍር ነው።

አባት ልጁን በ14 ወይም በ15 ዓመቷ ሲድር የሚያቀርበው ምክንያት ክብር ነው። ሳትዳር አርግዛ ቤተ ዘመዱን እንዳታዋርድ አስቀድሞ መዳር ይሻላል ይላል። እኔ ይህን ምክንያት አልቀበለውም። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አብረን እንመርምረው። ያለ ጋብቻ ብታረግዝ አካሏ ይጎዳል፣ ትምህርቷ ይቋረጣል፣ ልጅ ሳለች ልጅ ታሳድጋለች ተብሎ ይፈራል። ታዲያ በሠርግ ሲሆን ከዚህ ሁሉ የትኛው ቀረላት? ዳስ ቢጣል፣ ጠጅ ቢጠጣ፣ ሽማግሌ ቢመርቅ ያልጠነከረው የዳሌዋ አጥንት በአንድ ሌሊት አይሰፋም።

ምጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ደም ይከለክለዋል። ሥጋው ይሞታል፤ ሽንቷም ያለ ፈቃዷ ይፈስሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። ይህ ሕመም ፊስቱላ ይባላል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1966 ዓ.ም. ለዚሁ ሕመም ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ። ከላንጋኖ በስተ ደቡብ በይርጋለም ሌላ ማከሚያ መጨመር ያስፈለገው ሕመምተኛው ስላላለቀ ነው። ባሏ ሽታውን ጠልቶ ወደ አባቷ ቤት ሲመልሳት፣ ያ የተጠበቀላት ክብር ወዴት ደረሰ?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም 18 አደረገው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ ካገባ ክስ አይቀርብበትም ይል ነበር። (ተጠልፋ በሰው ቤት ከተዘጋባት ልጅ የሚገኘው ፈቃድ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።) እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችው፤ ፍርድ ቤትም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚህ ነገር ላይ ነው። ያ አንቀጽ የተሻረው ግን በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው።

ሕጉ ተሻሻለ፤ ምስክሩ ግን አልተሻሻለም። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደችውን ልጅ ዕድሜ ሽማግሌ በቁመቷ ይገምታል፤ «18 ሞልቷታል» ብሎም ይመሰክራል። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 13ቱ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል፤ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 3 ብቻ። የአዲስ አበባ ልጅ ከገጠሯ ልጅ በተፈጥሮ አትለይም፤ የሚለየው ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው መቅረቡ፣ አባቷም ጎረቤቱን አለመፍራቱ ነው።

አንተስ ወንድሜ? የክፍል ጓደኛህ በአንተ ምክንያት ስታረግዝ ወንበሯ ባዶ ይሆናል፤ ያንተ ወንበር ግን ባዶ አይሆንም። ፈተናህን ትፈተናለህ፤ ሰውም «ጎበዝ ተማሪ» ይልሃል። እርሷ ወልዳ ለመመለስ ብትደፍር ከደጅ የሚመልሳት ከሁሉ በፊት የእኩዮቿ ሳቅ ነው። በዚያ ሳቅ ውስጥ ያንተ ድምፅ አለ ወይስ የለም?